የትኩረትና የችኩልነት ፈተና ምን ያህል ይታመናል? የደሴና የኮምቦልቻ ጥያቄዎች

ሰላም ለሁላችሁ። ሥነ ልቦና የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ ትኩረት ፈተናዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (እናት፣ ሰኞ ገበያ)፦ የ9 ዓመት ልጄ በኮምፒውተር ተፈትኖ ትኩረቱ ዝቅተኛ ነው ተባለ። ከወር በኋላ ሲደገምለት ደህና ሆነ። የቱን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። አንዱንም ለብቻው አትመኚ። «ይህ ምልክት ሲመጣ ተጫን፣ ያ ሲመጣ ተው» የሚለው ዓይነት ፈተና እንቅልፍ ያጣን፣ ቁርስ ያልቀመሰን ወይም ክፍሉን የፈራን ልጅ ያሳስታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ልጁ ለምዶት ይቀርባል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አንድ ልጅ የትኩረት ማነስ ችግር (ADHD) አለበት ለማለት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየታቸውን፣ ደግሞም ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መኖራቸውን ይጠይቃል። የኮምፒውተር ነጥብ በመስፈርቱ ውስጥ የለም። አንድ ወረቀት ይዞ በልጅ ላይ የሚፈርድ ሰው ሳይ በጣም ያመኛል። ወደ ሐኪም ስትሄጂ የመምህሩን ምስክርነት ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ የስትሩፕ ፈተና ስንት ጊዜ ተደግሞ የተረጋገጠ አይደለም እንዴ? እንዴት አይታመንም ይባላል?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳሳየው፣ «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ቀለሙን ጥራ ስትባል ትዘገያለህ። ይህ ሁሉም ሰው ላይ ማለት ይቻላል ይታያል። ግን እስቲ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱትን ተሳፋሪዎች አስብ። ታች ሲደርሱ ሁሉም ይሞቃቸዋል፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። «ከሁሉ ይበልጥ የሞቀው ማን ነው?» ብለህ በተርታ ብታሰልፋቸውስ? በሚቀጥለው ሳምንት ተርታው ይለወጣል፤ ልዩነታቸው ትንሽ ነውና። ፈተናውም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ነጥቡ የሚገኘው የቀላሉን (ቃሉና ቀለሙ የሚስማሙበትን) ጊዜ ከከባዱ (ከማይስማሙበት) በመቀነስ ነው፤ ስትቀንስ እውነተኛው ልዩነት ይሳሳል፣ የሁለቱም ስህተት ግን አብሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሄጅና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ ፈተናዎችን በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ሰጥተው፣ የውጤቶቹ መመሳሰል ከ0 እስከ 0.82 ሲዋዥቅ አገኙት (0 ማለት ምንም አይመሳሰልም፣ 1 ማለት ፍጹም ይመሳሰላል ነው)። ብዙዎቹ ሰውን ከሰው ለመለየት አያስተማምኑም። ለመመረቂያህ ቡድንን ከቡድን የምታወዳድር ከሆነ ግን ተጠቀምበት።

ጥያቄ (የሠራተኛ አስተዳደር፣ ኮምቦልቻ)፦ ችኩል ሹፌር ለመለየት መጠይቅ ይሻላል ወይስ የኮምፒውተር ፈተና?

መልስ፦ ሲደገም የሚጸናው መጠይቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሰፊ ጥናት የመጠይቆች መካከለኛ ጽናት 0.67፣ የፈተናዎች 0.31 ነበር። ነገር ግን ሥራ የሚፈልግ ሰው «እቸኩላለሁ» ብሎ አይሞላልዎትም። ሁለቱ መለኪያዎች እርስ በርሳቸውም እምብዛም አይስማሙም፤ እጅን መግታት አለመቻልና በኑሮ ሳያስቡ መወሰን አንድ ነገር አይደሉምና። የአደጋ መዝገቡን ይዩ፤ አብረውት የሠሩትን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የስልክ ጌም ትኩረትን ይለካል?

መልስ፦ ለጌሙ ያለውን ልምድ ይለካል።

ጥያቄ (መምህር፣ ደሴ)፦ ስትሩፕን ወደ አማርኛ መልሼ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ብሰጥስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ባይሰጡ እመርጣለሁ። መዘግየቱ የሚመጣው ንባቡ ሳንፈልገው በራሱ ስለሚሄድ ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅን ቃሉ አያውከውም፤ ቀለሙን ቶሎ ይጠራል። ትኩረቱ የበረታ ይመስልዎታል፣ ችግሩ ግን ንባቡ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለው ያንብቡልዎት።