ስድስት ሺህ ብሩን ያዢው

ከሐይቅ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። እስካሁን የሰፈር ልጆች እያስጠናሽ ነው የቆየሽው። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ይፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ ግን «የዲጂታል ማስተማሪያ መሣሪያዎችን መጠቀም የሚችል» የምትል መስመር አለችና አስደነገጠችሽ። ደሴ ውስጥ አንድ ማሠልጠኛ ደግሞ በ6,000 ብር የሁለት ሳምንት ሥልጠናና ሰርተፍኬት እሰጥሻለሁ ብሎሻል። ያለሽ ስልክ ነው። ላፕቶፕ ከወንድምሽ ትዋሻለሽ። «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄሽ።

ይቅርብሽ።

ማሠልጠኛው ውሸታም ነው እያልኩ አይደለም። የሚያስተምርሽን ነገር ግን በነፃ ታገኚዋለሽ። ደግሞም ቀጣሪው ወረቀትሽን አገላብጦ ካየ በኋላ ክፍል አስገብቶ «እስቲ አስተምሪ» ማለቱ አይቀርም። ሥራው የሚገኘው ወይም የሚያመልጠው እዚያ ነው። ስለዚህ አሥር መሣሪያ በስም ከማወቅ አንዱን ይዘሽ አንድ ክፍለ ጊዜ አሳምረሽ ማስተማር ይሻልሻል።

ለአንቺ የምመርጥልሽ ፌትን ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ብለሽ ፈልጊው። ካርል ዊማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የኖቤል ሽልማት ባገኘ በዓመቱ፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስጀመረው ነው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ሙከራዎችን ስክሪን ላይ እየነካካሽ ትሠሪያለሽ። ክፍያ የለውም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙከራዎቹን አውርደሽ ላፕቶፕ ላይ ካስቀመጥሻቸው ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር መከፈታቸው ነው። ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ ለሚውልበት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከውስጡ «ኢነርጂ ስኬት ፓርክ» የሚለውን ክፈቺ። አንድ ልጅ ጎማ ባለው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከጎኑ የፖቴንሻል፣ የካይኔቲክና የሙቀት ኢነርጂ መለኪያዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሰበቃውን ዜሮ ስታደርጊው ልጁ ሲመላለስ ይውላል። ሰበቃ ስትጨምሪበት ቀስ እያለ ይቆማል፣ የሙቀቱ መለኪያ ግን ያድጋል። ድምሩ ያው ነው።

አሁን ሐረጎን አስቢው። ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ያውቃል። የፍሬኑን ሽታ ያውቀዋል። ክፍል ስትገቢ ላፕቶፑን አትክፈቺ። «ጭነት የያዘ አይሱዙ ከደሴ ሲወርድ ፍሬኑ ለምን ይሸታል?» ብለሽ ጀምሪ። ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ከፍታው ላይ የነበረው ኢነርጂ የት ሄደ? ሁለት ሦስት ልጅ ይከራከር። ስክሪኑ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ሰበቃ ባይኖር ልጁ እስከ የት ይወጣል?» በይና እጅ ያውጡ። ከዚያ ተጫኚው። ግምታቸው ከተሳሳተ እሰየው፤ «እንዴ!» ያሉበትን ነገር አይረሱትም። ሳይገምቱ ካሳየሻቸው ግን ፊልም አይተው ነው የሚወጡት።

ይህን የምልሽ ያየሁት ስላለ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ ታላላቆችሽን ጠይቂያቸው። በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል። ልጁ ገባው አልገባው ይነጉዳል። መምህሩ ዳር ቆሞ ያያል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

እኔም አንዴ ለሥራ ውድድር 30 ስላይድ ይዤ ገብቼ ነበር። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ። የቀረውን በቃል ላስረዳ ስል ለካ የተዘጋጀሁት ስላይዱን ነው፣ ነገሩን አይደለም። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ደግ አደረጉ። አንቺ የመለኪያዎቹን ሥዕል በጠመኔ ሰሌዳ ላይ መሥራት ተለማመጂ። መብራቱ ቢጠፋ ሐረጎ የትም አይሄድም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ካሁትና ጉግል ፎርም ጥያቄ አዘጋጅተሽ ልጆቹ በስልክ የሚመልሱባቸው ናቸው፤ ጥሩ ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ ተማሪ እጅ ላይ ስልክ ይፈልጋሉ። ፕሊከርስ ያንቺን ስልክ ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጆቹ የታተመ ካርድ በመረጡት መልስ በኩል አዙረው ያነሳሉ፣ አንቺ በካሜራ ትቃኚዋለሽ። የነፃው ክፍል ገደብ አለው፤ ለጀማሪ ግን ይበቃል። ጂኦጀብራ ለሒሳብ ነው፤ ግራፍ ስታስተምሪ ይጠቅምሻል። ኮሊብሪን ግን ልብ በይው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ትምህርቱን ትጭኛለሽ፣ ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ከእሱ ይቀዳሉ። «ኮምፒውተር ክፍል አለን፣ ኢንተርኔት ግን የለም» ካሉሽ መልስሽ እሱ ነው። ትምህርቱን በቻትጂፒቲ ማቀድም ትችያለሽ፣ ግን ያልገባሽን መስመር አትተይበት። ጠያቂው የሚይዝሽ እሷ ላይ ነው።

ሰርተፍኬት ካማረሽም ርካሽ አለ። ጉግል ለመምህራን ያዘጋጀው ሥልጠና ነፃ ነው። የሚያስከፍለው የደረጃ አንድ ፈተናው ነው፤ 10 ዶላር። ሰርተፍኬቱም ከሦስት ዓመት በኋላ ይቃጠላል። አሁን አያስፈልግሽም። የተመረቅሽው በአፕላይድ ከሆነና የመምህርነት ሥልጠና ካልወሰድሽ ግን 6,000 ብሩን ለፒጂዲቲ፣ ማለትም ከዲግሪ በኋላ ለሚወሰደው የማስተማር ዲፕሎማ፣ አስቀምጪው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ መቆየት ካሰብሽ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

ሲቪሽ ላይ «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ» የምትለዋን ሰርዢያት። በምትኩ «የኢነርጂ ጥበቃን በፌት ሲሙሌሽን ያለ ኢንተርኔት አስተምሬያለሁ» ብለሽ ጻፊ። እንዳትዋሺ ግን መጀመሪያ አስተምሪው። በዚህ ሳምንት ሐይቅ ወደ ተማርሽበት ትምህርት ቤት ሂጂና የፊዚክስ መምህርሽን አንድ ክፍለ ጊዜ ለምኚያቸው። ከኋላ ተቀምጠው ይዩሽ። ሲያልቅ የት ላይ እንደፈጠንሽ ይንገሩሽ፣ ጀማሪ መፍጠኑ አይቀርም።