ከበሮ መቺው በእርግጥ ይመታል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ኪራይ መክፈል ስላቃታቸው የሮክ ባንድ ወጣቶች በሚያወራው «ዘ መንኪስ» በተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ላይ የከበሮ መቺው እጅ ከድምፁ ጋር አልገጥም አለኝ። ራሱ ነው የሚመታው?

መልስ፦ ዓይንዎ አልተሳሳተም። ከ1966 እስከ 1968 እ.አ.አ. በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንቢሲ የታየው ይህ ባለ58 ክፍል ተከታታይ ሲሠራ ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀረጻል፤ ካሜራ ፊት ግን አፍና እጅ ማስከተል ብቻ ነው። ከበሮ መቺው ሚኪ ዶለንዝ ጊታር እንጂ ከበሮ አያውቅም ነበር፤ የተማረው ለዚሁ ሥራ ነው። በባንዱ የመጀመሪያ ሁለት አልበሞች አብዛኛውን የተጫወቱት ቅጥር ሙዚቀኞች ናቸው። ሌሎቹ የባንዱ አባላት ኔስሚዝና ቶርክ ግን ቀድሞውንም ሙዚቀኞች ስለነበሩ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። በ1967 በወጣው ሦስተኛው አልበም ልጆቹ በአብዛኛው ራሳቸው ተጫወቱ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አከታትለው ያድምጡ፦ በሦስተኛው ከበሮው ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ለእኛ ግን የሚጥመን እሱ ነው።