የታሽከንት ጋዜጦች፦ ሩሲያኛው የቱ፣ ኡዝቤክኛው የቱ?

ጥያቄ፦ አጎቴ በደርግ ዘመን ታሽከንት (በሶቪየት ኅብረት የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ) ተምሮ ሲመለስ ያመጣቸው ጋዜጦች ካርቶን ውስጥ አሉ። ከፊሉ ሩሲያኛ፣ ከፊሉ ኡዝቤክኛ ነው ይላል፤ ለእኔ ግን ፊደሉ ሁሉ አንድ ነው። እንዴት ልለያቸው? አንዱ የሌላው ትርጉም ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ኡዝቤክኛ ከ1940 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) የሚጻፈው በሲሪሊክ (ሩሲያኛ በሚጻፍበት ፊደል) ነበር፤ ወደ ላቲን የሚመልሰው ሕግ የወጣው በ1993 ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሁለቱም ቋንቋ በሲሪሊክ ይታተም ነበር።

ርዕሱን ትተው ደቃቁን ጽሑፍ አሥር መስመር ያህል ይመልከቱ። የእንግሊዝኛውን ዋይ የምትመስል ፊደል ከላይዋ እንደ ሲኒ ክፍት የሆነች ቅስት ካለባት፣ ኬ እና ኤክስ የሚመስሉትም ቀኝ እግራቸው ሥር ጭራ ካላቸው ኡዝቤክኛ ነው። ትንሿን ቢ የምትመስልና ከጎኗ ቀጥ ያለ ዘንግ የቆመላት ፊደል ከበዛች ሩሲያኛ ነው፤ ኡዝቤክኛ ይህችን ፊደል የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅስቷ ነው። የተገለበጠ ኤን በሚመስለው ፊደል ላይም ትገኛለች፤ እሱ ግን በሁለቱም ቋንቋ ስላለ አይለይም። በዋይዋ ላይ ያለው ቅስት ሳይሆን አግድም ሰረዝ ከሆነ ደግሞ ጋዜጣው ታጂክኛ ነው፤ በኡዝቤኪስታን የታጂክኛ ጋዜጣም ይታተም ነበር። ቀኑም ይረዳል፦ ኡዝቤክኛው ዓመቱን ያስቀድማል፣ ሩሲያኛው ቀኑን።

በዚያ ዘመን ዋናው የሩሲያኛ ጋዜጣ «ፕራቭዳ ቮስቶካ»፣ የኡዝቤክኛው «ሶቬት ኡዝቤኪስቶኒ» ነበር። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ የታሽከንት ከተማ የማታ ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ ይወጣ ነበር። የታስ (የሶቪየት መንግሥት የዜና አገልግሎት) ዜናና የኮሚኒስት ፓርቲ ውሳኔ በሁለቱም ወገን ስለሚወጣ እነዚህ ገጾች ትርጉም ይመስላሉ፤ የቀረውን ግን እያንዳንዱ ዝግጅት ክፍል በራሱ ያዘጋጀዋል። የአንድ ቀን እትም በሁለቱም ቋንቋ ካገኙ በፍጹም አይነጣጥሏቸው፤ ቋንቋውን ለሚያጠና ሰው ትልቅ ሀብት ነው።

አያያዙን በተመለከተ፣ የጋዜጣ ወረቀት አሲድ ስላለበት እጥፋቱ ላይ ይሰበራል፤ በሁለት እጅ ቀስ ብለው ዘርግተው በጠፍጣፋው ያስቀምጡ። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያጠቁረዋል። በክረምት ፌስታል ውስጥ አይክተቱት፤ እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። ካርቶኑን ከወለልና ከግድግዳ ያርቁ። በስልክ ፎቶ ሲያነሱ ከቀጥታ ፀሐይ ይከልሉት፣ ስሙና ቀኑ ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ራስጌም ሳይቆረጥ ይግባ።