ቤዝ ጊታር ይዤ ከዩኒቨርሲቲ ልውጣ ወይ?

ጠያቂዬ አዳማ የምትኖር የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ናት። ቤዝ ጊታር የጀመረችው በቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ቡድን ውስጥ ነው። ያገለገለ ቤዝ፣ ላፕቶፕና ጊታሩን ከላፕቶፑ ጋር የምታገናኝ አንዲት ትንሽ ሳውንድ ካርድ አላት፤ መኝታ ክፍሏ ውስጥ እየቀዳች ቲክቶክ ላይ ትለጥፋለች። «ላይክ ይዘንባል፣ ሥራ ግን አይመጣም። ትምህርቱን አቁሜ አዲስ አበባ ገብቼ ሙሉ ጊዜዬን ብሰጠው ይሻላል? አባቴ በሙዚቃ እንጀራ አይበላም ይለኛል» ትላለች። ሦስት ቅጂዎችም አያይዛ ልካለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ፦ ትምህርትሽን አታቋርጪ። ይህን የምልሽ አባትሽ ደስ እንዲላቸው ብዬ እንዳይመስልሽ። ቅጂዎችሽን ሰምቼ ካንቺ የጎደለው ጊዜ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ነፃ ብትሆኚ፣ አሁን ማታ ማታ የምትሠሪውን ያንኑ ነገር ቀኑን ሙሉ ትሠሪው ነበር።

ወደ አማካሪነት ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ቤዝ ይዤ ሰርግና ክለብ ስሠራ ስለኖርኩ፣ የላክሽልኝን የሰማሁት በዚያው ጆሮ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ የሚጫወቱበት ስልት) ናቸው። ጣቶችሽ ፈጣን ናቸው፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ ላይኩ የሚዘንበውም ለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ የችክችካው (የጭፈራው ምት)፣ ግን ሌላ ነው። ስትጀምሪ ከከበሮው ጋር ነሽ፤ ዘፈኑ ሲጋጋል ቀድመሽው ትሄጃለሽ፤ መጨረሻ አካባቢ ማን ማንን እንደሚከተል አይታወቅም። አቀናባሪም ሆነ የባንድ መሪ ከሦስቱ ልብ ብሎ የሚሰማው ይህን ሦስተኛውን ነው። ዘፋኙ ሲጦዝ፣ ድራመሩ ሲሞቀው፣ ቦታዋን የማትለቅ ቤዚስት ናት የምትፈለገው። ስላፑን ወደውልሽ ሲያበቁ ለሥራው ሌላ ሰው ይጠራሉ።

ገበያውንም በደንብ እንወቀው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚፎካከሩሽ ሌሎች ቤዚስቶች ብቻ አይደሉም፤ ከሁሉ የሚበረታብሽ የአቀናባሪው ኪቦርድ ነው። በካሴቱ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች እየሳሱ ሲሄዱ የቤዙን መስመር ኪቦርድ ተረከበው። ዛሬም በብዙ ነጠላ ዜማ ላይ የምትሰሚው ቤዝ በኪቦርድ ተመትቶ ኮምፒውተር ላይ የተስተካከለ ነው። ርካሽ ነው፣ አያረፍድም፣ የትራንስፖርት አይጠይቅም። ታዲያ አቀናባሪው ለሰው ለምን ይከፍላል? ኪቦርዱ የሚቸገርበት ቦታ ስላለ ነው፦ ኖታው የሚያልቅበት ቅጽበት፣ ከአንዱ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ክፍፍል) ወደ ሌላው የሚንሸራተተው ድምፅ፣ በግራ እጅ ታፍኖ ምቱ ብቻ የሚሰማው ኖታ። ግሩቭ የምንለው ነገር አብዛኛው ያለው እዚያ ነው፤ ልምምድሽም እዚያ ላይ ይዋል።

ችክችካ 6/8 ነው። በአንድ ባር (አንድ የምት ዙር) ሁለት ትልልቅ ምቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሦስት ይከፈላሉ። ብዙ ልጆች ሜትሮኖሙን (ምት እየቆጠረ ክሊክ የሚለውን መሣሪያ) በስድስቱም ላይ አድርገው ይለማመዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን ቴምፖውን (ፍጥነቱን) የሚሸከመው ክሊኩ ነው፣ አንቺ ትከተያለሽ እንጂ አትይዢውም። ክሊኩን በሁለቱ ትልልቅ ምቶች ላይ ብቻ አድርጊው፤ ቀስ ብለሽ፣ በደቂቃ 60 ምት ላይ። ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ያላት የአንድ ባር መስመር ያዢና አስር ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳትቀይሪ ድገሚያት። ይሰለቻል፤ ይሰልች። ሰርግ ላይ ጭፈራው ሲደራ አንድ ጨዋታ ማለቂያ ያጣል፤ ያን ጊዜ ቤዚስቷ ሰልችቷት አዲስ ነገር ልሞክር ካለች ጨፋሪው ሁሉ እግሩ ይወላከፋል። ሲለምድሽ ክሊኩን በሁለተኛው ትልቅ ምት ላይ ብቻ አስቀሪው፤ የባሩን መጀመሪያ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ከዚያ በላፕቶፑ አራት ባር ክሊክ፣ አራት ባር ዝምታ አድርገሽ ቅጂ። ከዝምታው ስትወጪ ክሊኩ ካንቺ ዘግይቶ ከደረሰ ቀድመሻል ማለት ነው። በሦስተኛው ቅጂ ላይ የሰማሁት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም ይኸው ነው።

የኖታ ርዝመት ላይ ደግሞ ይህን ሞክሪ። ያችኑ መስመር መጀመሪያ ኖታዎቹ እስከሚቀጥለው ኖታ ድረስ እንዲደርሱ አስረዝመሽ፣ ቀጥሎ በግማሽ ቆርጠሽ፣ መጨረሻ ላይ ገና ከመነካታቸው አፍነሽ ቅጂ። ኖታዎቹ አልተቀየሩም፣ ቴምፖው አልተቀየረም፤ ስትሰሚያቸው ግን ሦስት የተለያዩ ዘፈኖች ናቸው። ከዚያ የሮሃ ባንድን ቅጂዎች ክፈቺና ቤዚስቱ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን የት ላይ እንደሚያቆመው አዳምጪ፤ የሄኖክ ተመስገንንም እንዲሁ። ምን እንደተመታ ጆሮሽ ቶሎ ይይዘዋል፤ የት ላይ እንደተቆረጠ ለመስማት ግን ብዙ ጊዜ መመለስ ይጠይቃል።

ከዩቲዩብ በተማሩ ልጆች ሁሉ ላይ የማየው፣ አንቺም ላይ ያየሁት ሌላ ጉዳይ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ፣ ነው። አስተማሪዎቹ «ግራ ሲገባችሁ መነሻውንና አምስተኛውን ያዙ» ይላሉ። ለብዙ ሙዚቃ ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ግን ከዶ ብንነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው፤ ንጹሑ አምስተኛ ስለሌለ ሶልን ጠበቅ አድርገሽ ስትመቺ ዘፋኟ ዞር ብላ ታይሻለች። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሦስተኛ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ለምዶብሽ የምትሮጪበት የኮርድ አርፔጂዮ (የኮርዱን ድምፆች አንድ በአንድ መምታት) እዚያ ቦታ አያገኝም። በትዝታ ሜጀር ላይም ፋንና ሲን መሸጋገሪያ አድርገሽ በየባሩ ስትወረውሪያቸው ትዝታነቱ ይጠፋል። አውቆ ማፍረስ ሌላ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የሠራው የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ ሃርመኒ ጋር እያጋጨ ነው፣ ግን የትኛው ድምፅ ከቤት የትኛው ከውጭ እንደመጣ አሳምሮ እያወቀ። አራቱን ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) ከአሥራ ሁለቱም ቶኖች ተነስተሽ እስክትጫወቺ ድረስ ሌላ የስላፕ ትምህርት አትክፈቺ። ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥቶ «ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ» ሲል የምታስቢበት ጊዜ የለም።

አሁን ወደ መኝታ ክፍልሽ ልምጣ። ቤት ውስጥ መቅዳት የመጀመሪያ ጥቅሙ እውነቱን ማሳየቱ ነው፤ ኖታዎችሽ ላፕቶፑ ላይ ምቶቹን ከሚያሳየው የግሪድ መስመር መቅደማቸውን ወይም መዘግየታቸውን አጉልተሽ በዓይንሽ ታያለሽ። ሁሉም በእኩል መጠን ቢዘገዩ ያ አጨዋወት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ከዘገየ ግን ገና ነሽ። ከዚያ በፊት በፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፅ ከማውጣቱ በፊት በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመውን መጠን፣ ተመልከቺ። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ሳምፕል ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 1024 ላይ ከተውሽው ግን ከ21 ሚሊሰከንድ ያልፋል፣ በጆሮ ማዳመጫሽ የምትሰሚው ድምፅ ከእጅሽ ስለሚዘገይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አትችዪም።

ሁለተኛው ጥቅም የሚሸጥ ፋይል ነው። ሳውንድ ካርዱን የኢንስትሩመንት መግቢያው ላይ አድርጊው፤ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፤ ጠንክረሽ ስትመቺ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መካከል ይቆይ። እዝ የሚል ድምፅ ከሰማሽ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለሽ በባትሪ ቅጂ፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚመጣው ከእሱ ነው። (መብራት ሲጠፋ አትናደጂ፣ ያቺ ሰዓት በሰፈሩ ሁሉ ጸጥታ የነገሠባት የቅጂ ሰዓት ናት።) ግድግዳሽ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለመለጠፍ እንዳሰብሽ ጽፈሻል፤ ተዪው። የቤዝሽ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የድምፅ ሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር ያልፋል፣ ካርቶኑ አያስቆመውም። ደግሞም በኬብል ቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ ስለምትቀጂ ክፍሉ ቅጂው ውስጥ አይገባም። ክፍሉ የሚያሳስትሽ ስታዳምጪ ነው፤ በትንሽ ክፍል አንዱ ጥግ ላይ ቤዙ ያብጣል፣ አልጋሽ ጋ ይጠፋል። ስለዚህ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ፍረጂ፣ ከዚያ በስልክሽ ስሚው። ስልክ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ ቤዝሽ እዚያ ላይ ጭራሽ ከጠፋ ላይኛው ድምፁ ሳስቷል ማለት ነው።

ስትልኪ ሁለት ፋይል ላኪ፦ አንዱ ምንም ያልተነካ፣ አንዱ አንቺ የወደድሽው ድምፅ ያለው። ሁለቱም ከመጀመሪያው ባር ይጀምሩ፣ ቤዙ የሚገባው ዘግይቶ ቢሆንም፤ አቀናባሪው ጎትቶ ሲያስቀምጠው በቦታው እንዲያርፍ። ስሙ ላይ ቴምፖውንና ቶኑን ጻፊ። በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን፣ በቴሌግራም ስትልኪም በፋይል መልክ እንጂ በድምፅ መልእክት አይሁን። ይህች ተራ የምትመስል ጥንቃቄ ጣትሽን የማያውቅ ሰው መልሶ እንዲጠራሽ ታደርጋለች፤ ሚክስ የሚያደርገው (ድምፆቹን የሚያዋህደው) ሰው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ፋይል ሲያስተካክል ማን እንዳደከመው አይረሳም። ሚክሲንግና ማስተሪንግ ለመማር ግን አሁን አትቸኩዪ፤ ያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ያንቺን ሰዓት ይበላል።

ከሥራ ጋር አብሮ ስለመለማመድ የምጠቅስልሽ ሰው ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው ዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ፤ በ1985 እንደ ፈረንጆቹ ባንድ ሳይኖራቸው አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋህደው ብቻቸውን አልበም ሠሩ። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ፤ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ ይዘው ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። አልበሙ በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ የተመለሱት እጃቸው ስላልደረቀ ነው። ያን ያህል ዓመት እንድትጠብቂ አልመኝልሽም። ግን ታክሲ እየነዱ የተቻለው ድልድይና ኮንክሪት እያጠኑም ይቻላል፤ በቀን አርባ አምስት ደቂቃ፣ ከላይ ባልኩሽ ዓይነት ልምምድ፣ እስክትመረቂ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ፈትኚ። አዳማም አዲስ አበባም ያሉ ወጣት አቀናባሪዎችን ፈልጊና የኪቦርድ ቤዝ ያለበት ያልወጣ ሥራ ካላቸው በእውነተኛ ቤዝ ልቀይርላችሁ በያቸው። የመጀመሪያውን በነፃ ሥሪ፤ ሁለተኛውን በነፃ አትሥሪ። የሥጋ ዘመድሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ያልሆነ ሰው ከፍሎሽ፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ ደውሎ ሁለተኛ ሥራ ከሰጠሽ፣ የአባትሽን ክርክር የምትመልሺበት ነገር አገኘሽ። ስትመረቂ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ጥሪ ከሁለት ሦስት ሰው ካለሽ አዲስ አበባ ግቢ፤ በምህንድስናው የግማሽ ቀን ሥራም ቢሆን ይዘሽ። ከሌለሽ ደግሞ ዲግሪሽ በእጅሽ ነው፣ ቤዙም የትም አልሄደም።

ስለ ገንዘቡ። ከመቅዳትሽ በፊት ዋጋውን፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክዪና ስምሽ ሥራው ላይ እንደሚጻፍ ተስማሚ፤ ቴሌግራም ላይ የተጻፈም ቢሆን ከቃል ይሻላል። ግማሹን አስቀድመሽ ተቀበዪ፤ ያልተነካውን ፋይል የምትሰጪው ቀሪው ሲገባ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሚጫወት ሙዚቀኛም መብት ይሰጣል፤ ስለዚህ «ሁሉንም መብቴን አስተላልፌያለሁ» የሚል ወረቀት ሲቀርብልሽ ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ከፈረምሽም በዋጋው አስቢበት። የማታ ሥራ ከተጠራሽ ደግሞ የመመለሻ ትራንስፖርት ከክፍያሽ ውጭ መሆኑን፣ ስንት ሰዓት እንደምትለቀቂና የሚያደርስሽ ማን እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፤ መልስ ከሌላቸው ሥራውን እለፊው።