ሁሉም ትምህርት የሚሆንለት ተማሪ ምን ይምረጥ?

እህቴ፣ ውጤትሽ በሁሉም ትምህርት ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ ሕክምና ይላል፤ አንቺ ደግሞ «ዝንባሌዬ የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ እስኪገለጥልኝ ልጠብቅ ወይ?» ብለሻል። አትጠብቂ። እኔ ጠብቄ ነበር፤ የመጣልኝ የምዝገባው ቀን ብቻ ነው።

በኬሚስትሪ ከፍተኛ ውጤት ስለነበረኝ ፋርማሲ ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ውጤቱ ራሱ ጎትቶ አስገባኝ ብል ይቀላል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ግን የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ አብሮት የማይወሰደው ሌላ መድኃኒት፣ ሁሉም በቃል የሚያዝ ሆነ። የሰው ሕይወት ነውና መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። እኔ ግን ከኬሚስትሪ የወደድኩት ለካ ስሌቱን ኖሯል። ፈተና ደጃፍ ላይ ቆሞ እኔ የክፍል ጓደኞቼን የቤተ ሙከራ ልኬቶች ሰብስቤ፣ የአንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ለምን እንደራቀ ስመረምር አመሻለሁ። ስንፍና ይመስለኝ ነበር። «አንተ እኮ ከጥናት የምትሸሸው ወደ ሌላ ጥናት ነው» ያለኝ አብሮኝ የሚያድር ልጅ ነው።

የዝግመተ ለውጥን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርለስ ዳርዊንም እንዲሁ ነበር። አባቱም አያቱም ሐኪሞች ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1825፣ በ16 ዓመቱ፣ ሕክምና እንዲማር ስኮትላንድ ወዳለው የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። ማደንዘዣ ገና ያልተገኘበት ዘመን ነውና በአንድ ሕፃን ላይ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ማየት አቅቶት ሳያልቅ ወጣ፤ በ1827 ትምህርቱን ተወው። በእነዚያው ሁለት ዓመታት ግን ከባሕር ዳር ትናንሽ እንስሳትን እየለቀመ ይመረምር ነበር። የሚሸሽበትን ቦታ ያየ ሰው መንገዱን መገመት አያቅተውም ነበር።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ክፍል ገብቶ ከኋላ መቀመጥ ነው። መምህሩን ጠይቄ አራት ሳምንት ተከታተልኩ፤ መልመጃዎቹንም ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ነው የተዛወርኩት። በነጻ አልሆነም፤ ሂሳብና የጋራ ኮርሶች ተቆጠሩልኝ፣ የፋርማሲዎቹ ቀሩ፣ ከእኩዮቼ አንድ ዓመት ዘግይቼ ተመረቅኩ። አልጸጸትም፤ ግን አራቱን ሳምንት ቀድሜ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ዓመቱ ይተርፈኝ ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሉን ስም ተዪና የሦስተኛ ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር አንብቢ። የመጀመሪያው ዓመት ለብዙ መስኮች የጋራ ስለሆነ ብዙ አይነግርሽም። ሥነ ልቦና ሰውን ማዳመጥ ብቻ የሚመስለው ተማሪ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ይጠብቁታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ የሚመስለውም ከሂሳብ ማረጋገጫ ጋር፣ ማለትም አንድ የሂሳብ ሐሳብ እውነት መሆኑን ደረጃ በደረጃ ከማሳየት ጋር፣ ይፋጠጣል። ከቤተ መጻሕፍት የዚያን ዓመት መጽሐፍ ተዋሺና ሁለት መልመጃ ሞክሪ። መልሱን ባታገኚው ግድ የለም፤ ስትለፊበት ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ ልብ በዪ። ከፍተኛ ዓመት ተማሪ ስታገኚ ደግሞ «ትወደዋለህ?» አትበዪው፤ ጨዋ ሰው ሁሉ አዎ ይላል። ባለፈው ሳምንት ምን ሲሠራ እንደሰነበተና የትኛው ክፍል እንደሰለቸው ጠይቂው።

የሕክምናውን ሐሳብ የቤተሰብ ስለሆነ ብቻ አትጣዪው። ቤተሰብ አንዳንድ ጊዜ እኛ የማናየውን ያያል፤ እሱንም በዚሁ መንገድ ፈትኚው። መቀየር የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነና የትኞቹ ክሬዲቶች እንደሚዛወሩ ከሬጅስትራር በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል የተነገረኝ አንድ ኮርስ አስበልቶኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ዓይኔን ያዘው። ፈተና ሲደርስ ለጓደኞችሽ ባዮሎጂ እያስረዳሽ እንደምታመሺ እንደ ዋዛ ጠቅሰሻል። የሚያስደስትሽ ባዮሎጂው ነው ወይስ ማስረዳቱ? ሂሳብ ስታስረጂስ ያው ነው? እሱን መልሺልንና እንቀጥላለን።