የተተከለ ኩላሊትና የዘረመል ሕክምና

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከእኅታችን በተለገሰው ኩላሊት ጤናው ተመልሶለታል፤ ሆኖም ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋው ጠዋትና ማታ ታክሮሊመስ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲጠፋ ከፒያሳ እስከ ለገሃር ያሉትን ፋርማሲዎች ስናዳርስ እንውላለን። የዘረመል ሕክምና ይህን መድኃኒት ያስቀራል የሚባለው እውነት ነው? ወንድሜስ ሊጠቀምበት ይችላል?
(ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ ለወንድምዎ ግን ዛሬ አይደርስለትም። ስማቸው ጎልቶ የተሰማው ሙከራዎች ዘረመሉን የሚያርሙት ሴሉ ወይም አካሉ ከመተከሉ በፊት፣ ከተቀባዩ ሰውነት ውጭ ሲሆን፣ የወንድምዎ ኩላሊት ግን ሥራ ከጀመረ ቆይቷል።

የእያንዳንዳችን ሴሎች በላያቸው የማንነት ምልክት የሆኑ ፕሮቲኖችን ይሸከማሉ፤ የእኅት ኩላሊት ምልክቱ ተቀራራቢ ሊሆን ቢችልም ፍጹም አንድ ስላልሆነ ነጭ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ያጠቁታል። በስዊድን፣ ኡፕሳላ፣ ሐኪሞች ከሟች ለጋሽ ቆሽት የተገኙ ኢንሱሊን አመንጪ ሴሎችን ወስደው እነዚህን ምልክቶች በዘረመል እርማት አጠፉ፤ ጥቃትን የሚከላከለውን ሲዲ47 የተባለ ፕሮቲንም በብዛት እንዲያመርቱ አደረጉና ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ባለበት ሰው የክንድ ጡንቻ ውስጥ አስገቧቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 እንደታተመው፣ እርማቱ ያልተሟላላቸው ሴሎች በሰውነቱ ሲጠቁ፣ የተሟላላቸው ግን ከ12 ሳምንታት በኋላም ኢንሱሊን ያመነጩ ነበር፤ ሰውየውም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ጨርሶ አልወሰደም። ይህ በእውነት ትልቅ ነገር ነው። የተተከሉት ሴሎች ጥቂት ስለነበሩ ግን ኢንሱሊን መወጋቱን አላቆመም።

ኩላሊት ከዚህ ይከብዳል፤ ብዙ ዓይነት ሴሎችና የደም ሥሮች ያሉት ሙሉ አካል በመሆኑ፣ ከለጋሽ ወጥቶ እስኪተከል ባሉት ጥቂት ሰዓታት እያንዳንዱን ሴል ማረም አይቻልም። ተመራማሪዎች ወደ አሳማ ያዘነበሉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ እርማቱ እንስሳው ከመፈጠሩ በፊት በሴል ደረጃ ስለሚሠራ መላ አካላቱን ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በቦስተን ለአንድ ሕመምተኛ የተተከለው የአሳማ ኩላሊት 69 የዘረመል ለውጦች ተደርገውበት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሕመምተኛው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ነበረበት። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አርፏል፤ ሆስፒታሉ ግን ለሞቱ ምክንያት ንቅለ ተከላው መሆኑን የሚያሳይ ነገር አላገኘም።

ስለዚህ ወንድምዎ ይህን ዜና ሰምቶ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳይዘል አደራ እንላለን። ታክሮሊመስ ሳያልቅ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ የተገኘው የሌላ አምራች ከሆነ ከመቀየሩ በፊት ንቅለ ተከላውን የሚከታተለውን ሐኪም አማክሩ፤ ከተቀየረም በኋላ የመድኃኒቱ መጠን በደም ምርመራ ይታይ፤ ደሙም የሚቀዳው የጠዋቱን መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ነው።