ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ (ማርሹን አውጥቶ መኪናውን መልቀቅ) ነዳጅ ይቆጥባል ወይ?

ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ፎሌ እንደምታደርግ ጽፈህልኛል፤ አይቆጥብም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ ቪትዝህን ፎሌ ማድረጉን ተው። መኪናህ ኢንጀክሽን ናት፤ ነዳጇን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ወሬው የቀረው ከድሮዎቹ ኮምፒውተር አልባ ባለ ካርቡራተር መኪኖች ነው።

ነዳጅህን የሚበላው ሌላ ነው። እዚያው ጥያቄህ ላይ «መብራት ሲለቅ ተስፈንጥሬ ነው የምወጣው» ብለሃል። እሱ ነው! ያ ሁሉ ነዳጅ 50 ሜትር ሳትሄድ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንዲህ ያለው አነዳድ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በአንድ ሊትር የምትሄደውን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። ቀስ ብለህ ውጣ። ከፊትህ ካለው ሚኒባስ ራቅ በል (ሌላው ይገባብሃል፣ ይግባ)። ቀዩን ከሩቅ ካየህ እግርህን ቀድመህ አንሳ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እኔም በፎሌ እለቅ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ፍሬኑን ስረግጠው ስፖንጅ የረገጥኩ መሰለኝ። እንደምንም ማርሽ አስገብቼ ዳር ያዝኩ። ፎሌ ላይ ሞተሩ መኪናዋን ስለማይይዛት ፍሬኑ ብቻውን ሲይዝ ግሎ ነበር። አሁን በ2ኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ያንተ አውቶማቲክ ከሆነች ዝቅተኛውን ማርሽ ምረጥ።